መኪናው ሞልቷል

ጓደኞቹ «ፍሪጁ» ይሉታል። ግማሹ ከሥራው የመጣ ነው፤ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ግማሹ ከጠባዩ፤ ሰው ሲጮህበት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሲደሰትም ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ወዲያው ይከድነዋል። ለሥራ በሄደበት በዚያ የበረሃ አገር፣ ሰው ፀሐይዋን ፈርቶ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ በሚውልበት ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሙያ የያዘ ሰው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ውሎው ጣሪያ ላይ ነበር። የሌላውን መኝታ ቤት ለማቀዝቀዝ እሱ የጋለ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ የመዳብ ቱቦ ሲበይድ፣ ጋዝ ሲሞላ፣ በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ሲያራግፍ ይውላል። ማታ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የራሱ ማቀዝቀዣ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦበታል።

አብሮት የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉ እንደ መቀሱ የማያርፍ። «የከተማውን ሰው ሁሉ አቀዝቅዘህ እኛን በባልዲ ታጠራቅመናለህ» እያለ ያሾፍበታል። ፍሪጁ መልስ አይሰጥም፤ የልብስ ሰፊውን ቀዳዳ ካልሲ በዓይኑ ብቻ ያሳየዋል።

ሁለቱም የሚኖሩት ለዕረፍት ቀን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካፒቴን የሚሉት ጓደኛቸው ሳምንቱን ሙሉ የአንድ ድርጅት የውሃ መኪና ሲነዳ ይከርማል። ለራሱ ደግሞ በሯ በጉልበት የሚዘጋ፣ ሬዲዮዋ ግን የማይታማ አንዲት አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ አለችው። አራተኛዋ ነርሷ ናት፤ የካፒቴን የአክስት ልጅ፣ በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ። መንገድ ሲወጡ ውሃውን፣ ፍራፍሬውን፣ የራስ ምታት ኪኒኑን የምታስበው እሷ ናት። ወንዶቹ የሚያስቡት ምንጣፍና መጫወቻ ካርታ ነው።

ማልደው ይወጣሉ። አንዳንዴ የአሸዋ ተራራ ላይ ወጥተው በካርቶን እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። አንዳንዴ ውሃው ከነጠፈ ዘመናት ያለፉት የጨው ሐይቅ ላይ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ራቅ ሲሉ ደግሞ ባሕር አለ። ፍሪጁ ባሕር ያየው በዚያ አገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ማዕበሉ ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው፣ ማንም ያላየው መስሎት ብቻውን ሲስቅ ነርሷ ፎቶ አነሳችው። በዚያ ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው ጣሪያ ላይ የሚውለውን ሰው አይመስልም።

እንግዲህ ይህ ሰው ወንድም ነበረው።

ታናሹ ነው፤ ቤት ውስጥ «ጩጬ» እየተባለ ያደገ፣ ጢም ካወጣም በኋላ ስሙ ያልለቀቀው። አባታቸው ሲሞት ጩጬ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ጫማ የገዛለት፣ ሲያጠፋ የቆነጠጠው ፍሪጁ ነው። ስለዚህ ጩጬ ታላቁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የሚለው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ እናታቸው ደወለች።

«እባክህ ልጄ፣ አንተ ያለህበት ውሰደው። እዚህ ጣሪያና ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እኔም እሱን ሳይ እውላለሁ።»

ፍሪጁ አለቃውን ለመነ። አለቃው የሚያውቀው ሰው ከከተማ ውጭ፣ በረሃው መሐል የዶሮ እርባታ ነበረውና ጩጬ በዚያ ቪዛ መጣ።

«ለጊዜው ነው» አለው ፍሪጁ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበለው። «ትንሽ ታገሥ። አለቃዬን አናግሬ ወደ እኛ ሱቅ አዞርሃለሁ። ከዚያ አብረን እንኖራለን።»

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለ ጩጬ። ሻንጣው አዲስ ነበር፤ እንዳይጠፋበት እናታቸው እጀታው ላይ ቀይ ክር አስራለታለች።

ፍሪጁ አለቃውን አላናገረም።

ክፋት ኖሮበት አይደለም። መጀመሪያ አለቃው ፈቃድ ላይ ነበር። ከዚያ ሙቀቱ ባሰና የከተማው ማቀዝቀዣ ሁሉ አንድ ላይ የተበላሸ እስኪመስል ሥራ ጎረፈ። ከዚያ አለቃው ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጣልቶ ፊቱ አልፈታ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረው፤ «እስካሁን የት ነበርክ?» ቢለው ምን ይመልሳል? ነገ ዛሬ ሲል፣ ነገሩ እንደ ረጠበ ሲሚንቶ ከረጢት እያደር ደረቀበት። ጩጬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደወለ ቁጥር «አለቃህን አገኘኸው?» ይለው ነበር። በኋላ አልፎ አልፎ። በኋላ ጨርሶ ተወው። ጩጬ መጠየቁን ሲተው ፍሪጁ ቀለል አለው። ብዙ ቆይቶ ስለ ራሱ ሲያስብ ከሁሉም በላይ አንጀቱን የሚበላው ይሄ መቅለሉ ነበር።

ለጓደኞቹም ቢሆን እውነቱን አልነገራቸውም። «ወንድም አለኝ፤ ካምፓኒ ውስጥ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል» ብሎ አልፎታል። ካምፓኒ ሲባል ሰው ጠረጴዛና ወንበር ይታየዋል። እሱም እንዲታያቸው ፈልጎ ነው።

ችግሩ እርባታው መንገዳቸው ላይ መሆኑ ነው። ከከተማዋ የሚወጣው አውራ ጎዳና አንድ ነው፤ ባሕርም ቢሄዱ፣ ጨው ሐይቅም ቢሄዱ በዚያው ነው። ከተማዋ ከኋላ ከጠፋች በኋላ፣ በቀኝ በኩል ረጅም የብረት እግር ላይ የቆመ ነጭ የውሃ ታንከር አለ። ከሥሩ የጥርጊያ መንገድ ይገነጠላል፤ በጥርጊያው መጨረሻ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ያብለጨልጫሉ። እዚያ ሲደርሱ ፍሪጁ ወሬ ያቆማል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ጓደኞቹ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ታንከሩን ካለፉ በኋላ «ስመለስ ገብቼ አየዋለሁ» ይላል በልቡ። ሲመለሱ ሁሉም ደክሟቸው፣ አሸዋው ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ፣ ካፒቴን ወደ አልጋው የቸኮለ ይሆናል።

አንድ ቀን ጩጬ ደወለ።

«ፎቶህን አየሁት፣ ወንድም ጋሼ። ባሕር ነው?»

«አዎ፣ ባሕር ነው።»

«ያምራል። በእኛ በኩል ነው አይደል የሚኬደው?»

«በዚያ በኩልም ይኬዳል» አለ ፍሪጁ፣ ሌላ መንገድ ያለ ይመስል።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ስትሄዱ ታንከሩ ጋ እወጣለሁ። የጠዋቱን መኖ ከሰጠን በኋላ ትንሽ ይለቁናል። ሰላም ብለኸኝ ትሄዳለህ። አላስቆይህም።»

«እሺ» አለ ፍሪጁ።

የዚያን ሳምንት ዕረፍት ቀን ነፋስ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የሚሄዱት ውሃ ወዳለበት የድንጋይ ሸለቆ ነው። ነርሷ ከኋላ ሆና ክሊኒክ ስለመጣ ሰውዬ ታወራለች። «ሽሮፑን በማንኪያ ውሰድ አልኩት። ‹በየትኛው ማንኪያ?› አለኝ። በቤትህ ማንኪያ አልኩት። ‹ቤቴማ የምበላው በእጄ ነው› ብሎ መድኃኒቱን መልሶልኝ ሄደ።» ልብስ ሰፊው እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ፍሪጁ ከፊት፣ ከካፒቴን ጎን ተቀምጧል። ታንከሩ ከሩቅ ታየ፤ እየቀረቡት ሲሄዱ ገዘፈ። ከሥሩ ሰው ቆሟል።

ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሟል። መኪናዋን ሲያይ ከጥላው ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ መጣና እጁን አነሳ። ካፒቴን እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

«ሊፍት ፈልጎ ነው መሰለኝ። እንቁምለት እንዴ?»

ፍሪጁ ያንን እጅ ያውቀዋል። ጩጬ እጁን ሲያነሳ መዳፉን ሙሉ በሙሉ አይከፍትም፤ መልሱን እያወቀ እንዳይሳሳት የሚፈራ ተማሪ አነሳስ ነው። «ወንድሜ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ግን የታየው የወንድሙ ፊት አልነበረም፤ ከመኪናው ወርዶ ሲያቅፈው ጩጬ የማይጠይቀው ያ ጥያቄ ነበር። ደግሞም እነዚህ ሦስቱ «ካምፓኒ» ብሎ የነገራቸው ቦታ ምን እንደሆነ ከቱታው ሽታ ያውቁታል።

«መኪናው ሞልቷል» አለ። «ሠራተኛ ነው፤ የራሳቸው ሰርቪስ አላቸው።»

መኪናው አልሞላም። ከኋላ፣ በልብስ ሰፊውና በነርሷ መካከል ያለው የበረዶ ሳጥን ብቻ ነበር። ካፒቴን ግን ሰውን አምኖ የሚያድር ሰው ነውና ነዳጁን ረገጠ። በጩጬ አጠገብ ሲያልፉ ፍሪጁ ፊቱን ወደ ካፒቴን አዙሮ ስለ ጎማው ነፋስ አንድ ነገር ጠየቀው።

ሸለቆው ውስጥ ሌሎቹ ልብሳቸውን አውልቀው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነርሷ የላጠችለትን ብርቱካን በእጁ እንደያዘ አደረቀው። «ፍሪጁ ዛሬ ከኤሌክትሪክ ተነቅሏል እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው ውሃ እየረጨበት። ሳቁለት። እሱም ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ከደነ። ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ታንከሩ ሥር ማንም አልነበረም። ፍሪጁ መሬቱን ሁሉ አየው፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ለራሱም አልገባውም።

በማግስቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ የአንድ ማቀዝቀዣ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጩጬ ነው። እስኪያበቃ ተወው። እንደገና ጮኸ። አነሳው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ ጩጬ። «ትናንት ሥራ ያዘኝና መንገዱ ላይ ሳልወጣ ቀረሁ። ጠብቀኸኝ ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ።»

ፍሪጁ ከጣሪያው ጠርዝ ዓይን ለዓይን የሚያየው ሰው ያለ ይመስል ጀርባውን አዞረ።

«ምንም አይደለም» አለ። «እኛም… እኛም አልቆየንም።»

«ደህና። ሌላ ጊዜ ይሁን እንግዲህ» አለ ጩጬ። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ትንሽ አወሩ፤ ተሰነባበቱ።

የበደልከው ሰው ይቅርታ ሲጠይቅህ፣ ያውም አንተ የሸሸኸውን ውሸት እሱ ሲዋሽልህ፣ ምን ይባላል? ፍሪጁ ማቀዝቀዣውን ገጣጥሞ ሲጨርስ አንድ ብሎን እጁ ላይ ቀረ፤ እንደገና ፈታው።

በዚያው ሳምንት እናታቸው ደወለች። ጉልበቷ ይብሳል ይሻላል፤ ጎረቤት ሴትየዋ ልጅ ወለደች፤ ዝናቡ ዘግይቷል። እንዲህ እንዲህ ስትል ቆየችና፣

«ጩጬ እኮ ሁሉንም ነገረኝ» አለች።

ፍሪጁ ከአልጋው ተነሳ። «ምን አለሽ እማ?»

«በየሳምንቱ እየሄድክ እንደምትጠይቀው። ፍራፍሬ ተሸክመህ፣ ያን ሁሉ መንገድ። ‹ወንድም ጋሼ ባይኖር አልችለውም ነበር› ነው ያለኝ። ልጄ፣ አባት ሆንክለት። እኔ ከዚህ በላይ ምን እመርቅሃለሁ? የምትረግጠው ይለምልምልህ። ያሳደግከው ይጡርህ። እጅህ አፈር ቢይዝ ወርቅ ይሁንልህ።»

«አሜን» ማለት አቃተው። «እሺ እማ» አለ። ሰው ሲረገም ያንገበግበዋል፤ እሱን ያንገበገበው ምርቃት ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቀር ልብስ ሰፊው እንኳ ቀልዱን ዋጠ። «ቤት ደህና?» ብቻ አለው። «ደህና» አለ ፍሪጁ።

የሚቀጥለው ዕረፍት ቀን ሲደርስ እንደ ወትሮው ማለዳ ወጡ። ከከተማው ጠርዝ ላይ ፍሪጁ፣ «ካፒቴን፣ ዛሬ ባሕር አልሄድም» አለ።

«ታመምክ?»

«ታንከሩ ጋ ታወርደኛለህ። ወንድሜ እዚያ ነው።»

«ካምፓኒ አይደል እንዴ ያለው?»

«የዶሮ እርባታ ነው። ያን ቀን እጁን ያነሳው ሰው… እሱ ነው።»

ካፒቴን መኪናዋን ዳር አውጥቶ አቆማት። ሬዲዮውን አጠፋ።

«እንቁም ብዬህ ነበር እኮ።»

«ብለኸኛል።»

«አንተ አፍህን ነው የከፈትከው። ጥሎት የሄደው ግን የእኔ እግር ነው» አለ ካፒቴን። ድምፁ አልጮኸም፤ ፍሪጁ ቢጮኽበት ይሻለው ነበር። «በዚህች መኪና ውሻ እንኳ መንገድ ላይ ትቼ አላውቅም። ወንድምህን አስተውከኝ።»

ከኋላ ነርሷ፣ «በቃ ንዳው» አለች። «የያዝነውን ሁሉ ለእሱ እናወርደዋለን። ወንድምህ ከፍራፍሬ ምን ይወዳል?»

ፍሪጁ አሰበ። በልጅነቱ ሙዝ ይወድ ነበር፤ ልጣጩን ከውስጥ ሳይቀር በጥርሱ ይግጠዋል። አሁን ምን እንደሚወድ አያውቅም። «አላውቅም» አለ።

ጥርጊያውን ይዘው ገቡ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ቀጥሎ ጩኸቱ፤ የግዙፍ ማራገቢያዎች ጉምጉምታና የማይቆጠር ዶሮ ክርክር። በር ላይ ኖራ የተበጠበጠበት ገንዳ አለ፤ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ይነክርበታል። ጩጬ የእንቁላል ትሪ ተሸክሞ ከአንዱ የቆርቆሮ ቤት ሲወጣ አዩት። መጀመሪያ መኪናዋን አየ፤ ከዚያ ወንድሙን። ትሪውን እንዳይሰበርበት ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ፍሪጁ ሊያቅፈው ሲጠጋ ወደኋላ አለ።

«ቆይ፣ አትንካኝ፤ እሸታለሁ» አለ።

ፍሪጁ አቀፈው። ከስቷል። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል።

የሚኖርበት ክፍል በር የተቆረጠለት ኮንቴይነር ነው፤ ሦስት አልጋ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ በሚስማር የተንጠለጠሉ ቱታዎች። አንዱ አልጋ ላይ መኖ የሚያድለው ሽማግሌ ጋደም ብሏል። ቀና ብሎ ፍሪጁን አየና፣ «አንተ ነህ ወንድሙ?» አለ። «ይኸው በየሳምንቱ ተላጭቶ ሲወጣ ነው የምናየው። መጣህ ደግ አደረግህ።» ሌላ አልጨመረም። ጩጬ እንዳልሰማ ሆኖ ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ ጭማቂ አወጣ። ወረቀቱ ከሙቀቱ የተነሳ ነጥቷል።

«ለአንተ ገዝቼው ነበር» አለ እየጠረገው። «ጊዜው ሳያልፍበት አይቀርም። ተወው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣላችሁ።»

ጓደኞቹ ሆን ብለው ብቻቸውን ተዋቸው። ነርሷ የሽማግሌውን ሳል ስትመረምር፣ ካፒቴንና ልብስ ሰፊው ጫጩት ለማየት ብለው ራቁ። ወንድማማቾቹ በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር፣ በተገለበጠ የእንቁላል ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን አይቼህ ነበር» አለ ፍሪጁ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ፊትህን አዞርክ» አለ ጩጬ። «የማያውቅህ ሰው ዝም ብሎ ያይሃል እንጂ ፊቱን አያዞርም።»

ፍሪጁ አንገቱን ደፋ። አለቃውን አለማናገሩንም ነገረው፤ አንዱን ምክንያት ከሌላው ሊያስከትል ሲል ምክንያቶቹ አፉ ውስጥ ቀለሉበትና ተዋቸው። «አላናገርኩትም። በቃ» አለ።

ጩጬ ጫማው ላይ የደረቀውን ኖራ በእንጨት ሲፍቅ ቆየ። «እሱን እንኳ አላሰብኩም ነበር» አለ። «እምቢ ያለህ መስሎኝ ነበር። እንዳትከፋ ብዬ ነው መጠየቁን የተውኩት።»

«ለእማ እውነቱን እነግራታለሁ።»

«አትነግራትም።» ጩጬ እንዲህ ባለ ድምፅ ወንድሙን አናግሮት አያውቅም። «ለአንተ ብዬ መሰለህ የዋሸኋት? እንቅልፍ እንዲወስዳት ነው። አንተ ቀለል እንዲልህ ብለህ የእሷን እንቅልፍ ልትነሳት ነው? ምርቃቱን ተቀበል፣ ዝም በል።»

ፍሪጁ በማግስቱ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር አለቃው ፊት ቆመ። አለቃው ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል ሰማው፤ ከዚያ ቀና አለ።

«እስካሁን ምን ይዞህ ዝም አልክ? ባለፈው ወር ሁለት ሰው ቀጥሬ ነበር እኮ። አሁን ቦታ የለም። ሲከፈት እነግርሃለሁ።»

ተቆጥቶ አልነበረም፤ ገርሞት ነው። ፍሪጁ ያንን ሁሉ ጊዜ የፈራው ይህንን ንግግር ነበር፤ ውሃ አፍልቶ ለማውረድ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ በየዕረፍት ቀኑ እርባታው ይሄድ ጀመር። ካፒቴን ያደርሰዋል፤ ሲመለሱ ይወስደዋል። ኩርፊያውን በአፉ አልተናገረም፣ ግን ለጥቂት ሳምንት ሬዲዮውን ሳይከፍት ነው የነዳው። ፍሪጁ እርባታው ሲደርስ አያርፍም። የማራገቢያ ሞተር ይፈታል፣ የኮንቴይነሩን አሮጌ ማቀዝቀዣ ያጥባል፣ የወንድሙን ቱታ ሊያጥብ ይታገላል። ወሬ ግን አልመጣ አላቸው። «በላህ?» «በላሁ።» «ጠጣህ?» «ጠጣሁ።» ከዚህ አያልፍም። ፍሪጁ ብዙ በሠራ ቁጥር ጩጬ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ጩጬ መፍቻውን ከእጁ ወሰደበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ለንስሐ ከሆነ የምትመጣው አትምጣ» አለው። «ፊትህ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ነው። እኔ እኮ አልሞትኩም። ናፍቄህ ከሆነ ና። ካልናፈቅኩህ ባሕርህ ሂድ፤ አልቀየምህም። እዚህ መጥተህ ማራገቢያ ስትገነጥል ግን ጥፋተኛው እኔ እስክመስል ድረስ ነው የምጨነቀው።»

ፍሪጁ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀረ፤ ባሕርም አልሄደ፣ ክፍሉ ተኝቶ ዋለ። የዚያን ቀን ነው ናፍቆት የሚባለው የመጣው፤ ሳያስበው፣ ሙዝ ሲልጥ። ልጣጩን ይዞ ሳቀ። ስልኩን አንስቶ፣ «አንተ፣ የሙዝ ልጣጭ አሁንም ትበላለህ?» አለው። ጩጬ ከወዲያ በኩል እስኪያስለው ሳቀ። «የኔ ጌታ፣ እዚህ እኮ ዶሮዎቹ ይቀድሙኛል» አለ። የዚያን ቀን ብዙ አወሩ። ከዚያ በኋላ ሲሄድ መፍቻ ይዞ መሄድ ተወ።

የሱቁ ቦታ የተከፈተው ሙቀቱ አልፎ ሌላ ሙቀት ሲመጣ ነው። አለቃው ቃሉን ጠበቀ። ጩጬ ሻንጣውን ይዞ ወደ ከተማ መጣና በእነ ፍሪጁ ክፍል፣ ከባልዲው ማዶ፣ ሦስተኛ አልጋ ተዘረጋለት። ልብስ ሰፊው የመጣ ዕለት ሱሪውን ሁሉ ሰብስቦ አጠበበለት፤ «አጥንት የሚለበስ ልብስ እስካሁን አልሰፋሁም» እያለ።

በመጀመሪያው ዕረፍት ቀን ሁሉም ባሕር ሊያሳዩት ተነሱ። ጩጬ ወደዚያ አገር ከገባ ጀምሮ ሙሉ ቀን ያረፈበት ጊዜ አልነበረም፤ ዶሮ ዕረፍት ቀን አያውቅም። ከፊት ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ፤ ከኋላ በነርሷና በልብስ ሰፊው መካከል፣ የበረዶ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መንገዱን በሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል በመስኮት ሲያይ ነበር። ባሕሩ ሲታይ ማንም የሚጠብቀውን አላደረገም። ወርዶ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ አየ፤ «ትልቅ ነው» አለ። ከዚያ ካፒቴን በተከለው ጃንጥላ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ልብስ ሰፊው ሊቀሰቅሰው ሲል ፍሪጁ እጁን ያዘው። «ተወው።»

ሌሎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። ፍሪጁ አጠገቡ ተቀመጠ። የጩጬ እግሮች ከምንጣፉ ወጥተው አሸዋው ላይ ነበሩ፤ ኖራው በልቷቸው ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሮቹ ዳርና ዳር ነጥተዋል። እነዚያን እግሮች ትንንሽ ሳሉ ውሃ አሙቆ ያጠባቸው እሱ ነው። እርባታው ውስጥ ሁልጊዜ በቦት ጫማ ስለነበሩ ከዚያ ወዲህ አላያቸውም ነበር። አያቸው። ዓይኑን ሊያዞር ፈለገ፣ አላዞረም።

ፀሐይዋ ዞር ስትል ጥላው ከጩጬ ፊት ላይ ሸሸ። ፍሪጁ ተነስቶ ጃንጥላውን ነቅሎ በሌላ በኩል ተከለው። እንደገና ሸሸ፤ እንደገና ተከለው። «ና ግባ እንጂ፣ ውሃው ምን የመሰለ ነው!» ብሎ ካፒቴን ከሩቅ ጠራው፤ በእጁ «ቆይ» አለው። ፀሐይዋ አናቱን እያጋየችው ሸሚዙን አውልቆ በጩጬ እግሮች ላይ ጣል አደረገ።

ቀኑ አዘቅዝቆ፣ ነርሷ የተረፈውን ፍራፍሬ ሰብስባ፣ ካፒቴን የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ እያጫወተ መጥቶ ከቆመ በኋላ ጩጬ ዓይኑን ገለጠ። የት እንዳለ ግራ ገባው፤ ደንግጦ በክርኑ ተነሳ።

«መሸ እንዴ?»

ካፒቴን አፉን ሊከፍት ሲል ፍሪጁ ቀና ብሎ አየው። ካፒቴን ቁልፉን ኪሱ ከተተና አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ገና ነው» አለ ፍሪጁ። «ተኛ።»